ቁጥሯን አልነካሁም

ከሱሉልታ በላይ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ከብሎኬት ማምረቻው አለፍ ብሎ፣ በቃ፣
የኔ ቆርቆሮ ቤት። በሩ ላይ ታፔላ፦
«ጠመንጃ እጠግናለሁ። ፈቃድ የሌለው ሰው ይሂድ ወደ ሌላ።»

ጉታ ደንደና መጣ፣ ቦቲውን ደጃፌ አራግፎ፣
አንዲት ቀጭን ነገር በጋቢ ጠቅልሎ እንደ አራስ ታቅፎ።
ፈታኋት። የአደን ናት። የቼክ ሥሪት፣ ሎጋ፣
ሰደፏ በቫርኒሽ የሚያበራ፣ ለጋ።
ወረቀቷን አየሁ። ማኅተሙ ደህና ነው።

«ምንሽር አድርግልኝ» አለ።
«ከሰደፍ እስካፏ እንጨት አልብስልኝ፣
ቀለበት ሁለት ቦታ እሰርልኝ፣
ማንገቻዋን በጎን፣ የቃታዋን እጀታ ቀጥ...»
እጄን አነሣሁበት።
«ለምን?»

«አባቴ ዓይኑ ከጠፋ ሦስተኛ ክረምቱ ነው።
ያኔ ገበሬ ማኅበር ያስረከባት ምንሽር ናት
ሌሊት እየተነሣ ግድግዳ ለግድግዳ የሚፈልጋት።
ሚስማሩ አለ፣ እሷ የለችም።
ሚስማሩን ዳብሶ ይተኛል።»

እኔ ለለቅሶ ሰነፍ ነኝ፤ ለእንጨት ግን ትጉህ።
ከደላላ ላይ አንድ የወይራ ቋሚ ገዛሁ፣
ማሳው ለአፓርታማ ሲሸጥ ከፈረሰ ጎተራ የወጣ፣
ጭስ የጠጣ፣ ሞረድ የሚያስለቅስ፣ ምስጥ ያልደፈረው።
መጋዝ፣ መላጊያ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣
የተልባ ዘይት በጨርቅ፣ ሰባት ሌሊት።
ከአጥሬ ወዲያ ግሬደር ሜዳውን ሲልጠው፣
እኔም ከዚህ ወዲህ ወይራውን ስልጠው፣
ተፎካከርን፤ እሱ የጤፉን ማሳ ከተማ ሊያስመስል፣
እኔ ባዳኟ ላይ የወታደር ምስል።

ከሰደፉ ሥር ሦስት ጭረት ነበረ፣ የቢላ፣ የቆየ።
ልፍቀው ብል እንጨቱ ይሳሳል።
ተውኩት። ያምራል ብዬ።

ጉታ መጥቶ አያት፣ ዞሮ ዞሮ አያት።
ከብረቷ ላይ የተመታውን ቁጥር በጥፍሩ ነካ፦
«ይሄስ? አይጠፋም?»
«ልብሷን እቀይራለሁ፤ ቁጥሯን አልነካም።
ሰው ስሙን ቢለውጥ የእናቱ ምጥ አይለወጥም።»

በመስከረም፣ ባዶዋን፣ ጥይት ሳይኖራት ይዘናት ሄድን።
ሽማግሌው መደብ ላይ ነው። ጉልበቱ ላይ አጋደምናት።
መዳፉ ካፈሙዟ ተነሣ፤
ቀለበቷን ቆጠረ፣ አንድ፣ ሁለት፤
እጀታዋን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ጆሮውን ጣል አድርጎ፤
ፈገግ አለ። ጉታ ተነፈሰ።
እኔም የሠራሁት ሥራ ኮራሁበት፣ አልዋሽም።

ሰደፏ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ።
አውራ ጣቱ ሄደ፣ ተመለሰ።
ሄደ።
ተመለሰ።
አፍንጫውን አስጠጋ፣ እንደ ሕፃን አናት አሸተታት።

«ጉታ።»
«አቤት አባ።»
«ይቺ ጭረት የኔ እጅ ናት።
ጎተራው ሞልቶ ያደረበት ዓመት አንድ እቆርጥ ነበር።
በዕድሜዬ ሦስቴ ሞላ።
ትናንት ስጠይቅህ፣ ጎተራው ቆሟል፣ ማሳው ለምልሟል አልከኝ።»

ጉታ መሬት መሬቱን አየ።
ከውጭ ግሬደሩ ወደ ኋላ ሲሄድ
ያ ጡሩንባው ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል።
«ይሄ የሚጮኸውን ወፍ ነው ብለኸኝ ነበር» አለ ሽማግሌው።

ብዙ ቆየን። ማንም አልተቆጣም፤
ያ ነው የከበደኝ።
በመጨረሻ እጁን ዘርግቶ ጠመንጃዋን ለኔ ሰጠ፦
«ምንሽሬ አይደለችም። ቀላል ናት፣ ልጅ ናት።
ግን ስቀላት ሚስማሩ ላይ።
ከቤቴ የቀረኝ እንጨት ይኸው ነው።»

ሰቀልኳት።
ቀሪ ሂሳቤን ሳልጠይቅ ወጣሁ፣ ጉታም አልተከተለኝም።
በተላጠው ሜዳ መሐል እየሄድኩ
ቁጥሯን አልነካሁም፣ አልነካሁም እላለሁ፤
ለካ ቁጥሩ ብረቱ ላይ አልነበረም።