ሆዱ ሞላ ነው

ትሬጋሮን መውጫ፣ ከድንጋዩ ካብ ሥር፣
ኤምሪስ ተቀምጧል ከዶሮ ቤቱ በር፤
ጭኑ ላይ ጠመንጃ፣ ባሩድ የማያውቅ፣
ሞላ ተጨምቆበት እርሳስ የሚለቅ።
ጠላቱ አይጥ ነው፣ እንቁላል የሚሰርቅ።

ዛሬ ግን አዲስ ዕቃ ይዟል፣ በፖስታ የመጣ፣
ጥቁር ቱቦ፣ ስንዝር ከሁለት ጣት፣
ድምፅ ማፈኛ፣ ስልሳ ፓውንድ ያስወጣ።

«ግዌንዳ እንዳትነቃ» አለኝ።
ግዌንዳ ፎቅ ላይ ናት። ከጥር ወዲህ
ሌሊቱን ስትስል አድራ ቀን ታሸልባለች፤
እኔ ጧት ጧት እመጣለሁ፣ ክኒኗን እቆጥራለሁ፣
ትራሷን እገለብጣለሁ፣ ሻይዋን አስቀምጬ እወርዳለሁ።

ዛሬ ሥራ ተጨመረልኝ፦
«ከካቡ ማዶ ቁም፣ ጆሮህን ስጠኝ፤
አንዴ በማፈኛው፣ አንዴ ያለሱ ልተኩስ፣
ፍረደኝ፣ የቱ ነው የሚያንስ?»

ቆምኩ።
በግ አለ። ጭቃ አለ። ነፋስ አለ።
ጠቅ! አለ።
ቆይቶ፣ ጠቅ! አለ።
«የቱ ነው የባሰ?»
«አልለየሁም» አልኩት፤ ፊቱ ደፈረሰ።

ሦስቴ ደገመው፣ አምስቴ ደገመው፤
ከማዶ ሆኜ ያው ነው የምሰማው።
«እንካ፣ አንተ ተኩስ» አለኝ ተበሳጭቶ።
ጉንጬን ከእንጨቱ አስደግፌ ምላጩን ሳብኩ።

ኧረ ጉድ!
መስክ ላይ ጠቅታ የነበረው
መንጋጋዬን ይዞ፣ ጥርሴን አንገጫግጮ፣
እንደ ጋራዥ በር ጭንቅላቴ ውስጥ ተዘጋ።

ያኔ ነው የገባኝ።
ባሩድ ቢሆን ኖሮ ነጎድጓዱ ካፉ ይወጣ ነበር፤
ይህኛው የሚጮኸው ከከርሱ ነው፦
ሞላው ሲፈታ፣ ፒስተኑ ሲላተም፣
ብረት ብረትን ሲጠልዝ፤
ጩኸቱም አየር አያሻውም፣ በአጥንት ነው የሚሄድ፣
ጉንጩን ላስጠጋ፣ ለወዳጁ ብቻ።

አፉን አፈንነው፣ ዝም ይበል እያልን፤
ሆዱ ሞላ ሆኖ እኛው ጎደለብን።

ነገርኩት። አልተከራከረም።
ካቻቪቴ አመጣ፣ ግራሶ ፈለገ፣
የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሆድ ዕቃውን ዘረገፈ።
«በእኛ ‹ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ› ይባላል» ብዬ ተረጎምኩለት።
«ዶሮዋን ደግሞ ምን አገባት?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።
ሞላው ደርቋል፣ ስንት ክረምት ቅባት አላየም።
በጨርቅ ጠረገው፣ በጣቱ ቀባው፣
ላም ጥጃዋን ስትልስ ያህል፣ ሳይቸኩል።
ገጥሞ ተኮሰ፦ ቱፍ፤
ወፍራም መጽሐፍ ሰው ሲዘጋ።

«በል እንግዲህ፣ ቱቦውን መልሰው፤
ስልሳ ፓውንድ ስልሳ ፓውንድ ነው።»
ፈታው። አፈሙዙን ይዞ ሊያጥፈው ታገለ፤
እንደ ዝንጅብል የተቋጠሩ ጣቶቹ
ተንቀጠቀጡ፣ ብረቱ እምቢ አለ።
ምንም ሳይናገር ቱቦውን መልሶ ጠመዘዘ።
ስንዝር ረዘመ፤ እጁ ጫፉን ጨበጠ፣ ብረቱ ታዘዘ።
«ማፈኛማ አይደለም» አለኝ፣ ከሳል ጋር እየሳቀ፣
«እጀታ ነው።»

ይሄኔ ከፎቅ መስኮት ተከፈተ፦
«ኤምሪስ! ጠመንጃውን አርባ ዓመት ለምጄዋለሁ፤
እኔን የሚያነቃኝ ስትስት የምትሳደበው ነው።
ለሱ የሚሆን ማፈኛ ይሸጣሉ?»
መስኮቱ ተዘጋ።

አይጡ ከካቡ ቀዳዳ አፍንጫውን አወጣ።
ኤምሪስ አነጣጠረ፣ ተኮሰ፣
ሳተ።
ከንፈሩን ነከሰ።
ሆዱ ውስጥ ሲላተም ግን
ከካቡ ማዶ ሆኜ ተሰማኝ።