የርቀት ልክ

ጤዛው ሳይረግፍ ገና፣ ሐይቁ ጉም ለብሶ፣
አራት ረድፍ ሴቴ፣ ሁለት ረድፍ ወንዴ፤
“አንድም እንዳታልፉ!” ይጮሃል ላሚሶ፣
“ጸሐይ ሳትከር ከሴቴዋ ራስ ላይ
አበባው ይነቀል፣ ሳይበተን አንዴ።”

ሎሚቱ ትስባለች፤
ጧ ይላል ሲላቀቅ፣ እንደ ጣት አንጓ።
ቅጠል የቧጨረው አንገቷ በላብ እየተቃጠለ
ታሽሟጥጣለች ደግሞ፦
“የኔንስ ወንዴ ማን ነቀለው፣ ሳይነግረኝ ሳይጠራ?”
ይስቃል ረድፉ ሁሉ፣ ይስቃል ተራ በተራ።

እኔ ከኋላቸው፣ ደብተሬን ታቅፌ፣
ባዕዱን እፈልጋለሁ።
ግንዱ ከቀላበት፣ ቁመቱ ካለፈ፣
ጸጉሩ ቀድሞ ወጥቶ በነፋስ ካረፈ፣
በጣቴ አሳያለሁ፤ ከሥሩ ተመዞ ከዳር ይጣላል።
ሌላ ጥፋት የለው፤ ጥፋቱ መለየት፤
“ካልመሰለ ይውጣ” ይላል መመሪያው፣ ገጽ አሥራ ስምንት።

ዛሬ ግን ችግሩ ከአጥር ወዲያ ነው።
ዳንጊሶ፣ ሽማግሌው፣ ከእንሰቱ ጀርባ
ከእናታቸው የቀረ ዥንጉርጉር በቆሎ
ዘርተው ኖሯል፤ ይኸው፣ አናቱ ላይ ሁሉ ቢጫ አበባ።
ሜትሬን ዘረጋሁ፤ መቶ አርባ። ደንቡ ሁለት መቶ።
“አባቴ፣ ይቆረጥ? ድርጅቱ ይከፍላል፤
ማሳውን ይጥለዋል የእርስዎ ብናኝ መጥቶ።”
ረጋ ብለው አዩኝ፦
“እኔ መች ላክሁት? ነፋስ ነው የወሰደው፤
ነፋሱንስ ከፍለሽ በየት በኩል እለፍ ልትይው?”

መልስ አጣሁ።
እሳቸው ጥፋት የለባቸው።
ዘሩ ካልጠራ ደግሞ፣ በሚመጣው ክረምት
ተበድሮ የገዛ ገበሬ
ስሙን አንብቦ ይዘራል፣ ስሙ ግን አይበቅልለትም፤
እሱም ግፍ ነው።

ከዳር አሥራ ሁለት ረድፍ “እህል” ብዬ ጻፍኩ።
ጠዋት ዘር ነበረ፣ ከቀትር በኋላ እህል ሆነ።
“ምነው፣” አለች ሎሚቱ፣ “እህል መሆን ውርደት ነው?
እኛ የምንበላው ታዲያ ምንድን ነው?”

ማታ፣ በባጃጅ፣ ወደ ሐዋሳ ስገባ
ሾፌሩ በመስታወት አይቶኝ ጠየቀ፣
ለወሬ ያህል፦ “እህቴ፣ ዘርሽ ምንድን ነው?”

እናቴ የአለታ ልጅ፣ አባቴ ከጎፋ በእግሩ የመጣ፤
በገጽ አሥራ ስምንት
እኔ ከሥሬ የምመዘዝ።
“ማሳው እዚያ ቀርቷል” አልኩት።
አልገባውም።
ከሐይቁ ነፋስ ተነሣ፣
ከጸጉሬ ላይ ቢጫ ብናኝ አራገፈ፣
ወደማን እንደሆነ እንጃ።