አይነካም

በጥቅምት አንድ አጥንት፣ ይላል ያገሬ ሰው፤
እኛ ቤት ግን ባና ነው፣ ብርዱን የመለሰው።
ጥቁር የመንዝ በግ፣ ጠጉሩ ተነድፎ፣
ስድስት ልጅ የሚያሳድር፣ ባንድ ላይ አቅፎ፤
ዝናብ ሲነካው ደግሞ በግነቱ ትዝ የሚለው፣
ቤቱን በረት በረት የሚያሸተው።

አምና፣ ሐምሌ ሲጋመስ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና፣
አንዲት ልጅ ሞላሌ መጣች፦ «ይሸጡልኛል ወይ፣ አሮጌውን ባና?»
እናቴ ሳቀች።
ነብር ያለበት ብርድ ልብስ፣ የቻይና፣ ከነላስቲኩ፣
በለውጥ ተቀበለች፤
ልጅቷ የኛን ተሸከመች፣ ከነቁንጫው፣ ከነታሪኩ።

ከደጅ ስትደርስ ዞር ብላ፣
«ቅሉስ አለ?»
«የቱ ቅል?» አለቻት። ሳቋ ጥርሷ ላይ ደረቀ።
ልጅቷ መልስ አልሰጠችም፤ ዝምታዋ ግን ጠየቀ።
እናቴም ከቆጥ ላይ፣ ከተረሳ እንቅብ ሥር፣
አውርዳ ሰጠቻት፤ ዋጋ ሳትጠራ፣ ዓይኗን ተክላ ከምድር።

እኔ ምን አውቄ። ዕቃ መስሎኝ፣ ዕቃ።

ዘንድሮ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ የሱፍ መጋዘን በነበረ፣
ቆርቆሮው በውርጭ የሚንጣጣ፣ ግድግዳው የተሸነቆረ፣
«ዐውደ ርእይ» የሚል ወረቀት አይቼ
ገባሁ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ፣ ብርዱን ሸሽቼ።

ሥዕል የለም።
አርባ ባና፣ ከጣሪያ በሽቦ የወረደ፣
እንደ ሌሊት ተቆራርጦ የተሰቀለ፣
በመሀሉ ላም የምታልፍበት ያህል ክፍተት ብቻ ያለ።

የኛን ለየሁት፤ ጥጉ ላይ፣ ኩራዝ የበላው ቀዳዳ
(የኔ ጥፋት ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተና፣ እንቅልፍ፣ ማለዳ)።
ዙሪያውን በቀይ ክር ሰፍታዋለች፤
አልደፈነችውም።
ከጎኑ በእርሳስ፦
«የበግ ጠጉር፣ ጭስ፣ የስድስት ልጅ ላብ። ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.።
የሠራው አባቴ፣ ደርብ አሰግደው።»

ደርብ።
እኛ ቤት ስም አልነበረውም። «ሸማኔው» ነበር፤
ሲቆጡ ደግሞ «ያ ጠይብ»።
ለብርድ የተሰጠ ምክር የመሰለ ስም ይዞ
በደጃችን ሲመላለስ፣
አንድም ቀን ያልጠራነው።
ቀን ጠይብ ያልነውን፣ ማታ ለብሰነው አደርን፤
ዓይኑን ፈርተን፣ ከእጁ ሥራ ሥር አፍንጫችንን ቀበርን።

«እንዴት ያለ ጥበብ!» ይላሉ፣ ስልካቸውን የደገኑ ልጆች።
ጠይብና ጠቢብ፣ የአንዲት ፊደል መንገድ፤
አርባ ዓመት ፈጀባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ለመውረድ።

ልወጣ ስል፣ ከመብራት ሥር፣ ለብቻው፣
ያ ቅል።
አንገቱ በጠፍር ታስሮ፣ ከአጥራችን እንደነበረው ተንጠልጥሎ።
ባናውን ያስረከበ ቀን፣ ከደጅ እንደቆመ፣
ጠላው የሚቀዳለት በእሱ ነበር፤ ከቤቱ ዋንጫ ሁሉ ተነጥሎ።
ይኸው አሁን መብራት አለው። ጥላው ግድግዳው ላይ
የሰው ራስ ያህል ገዝፏል።

እጄ ሳላዘው ሄደ።
«አይነካም!» አለኝ ዘበኛው፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው ስቦ።
አዎ።
ይህን ቃል ከቤቴ ነው የማውቀው።

ማታ፣ ደርሼ፣
እናቴን አገኘኋት እሳት ዳር ኩርምት ብላ፣ እግሯን አጥፋ።
ስሙን ልነግራት አፌን ስከፍት፣
«ይኸ ነብር» አለች፣ ብርድ ልብሱን እየገፋች፣
«አያሞቅም።»