አሥራ ሁለተኛው ሰከንድ

የገንደ ቆሬው ባጃጅ ነጂ በመስታወቱ አየኝና፣
ፍሬን ያዘ፣ ዞር አለና፣
ጣቱን ከንፈሩ ላይ ተክሎ "እሽሽሽ!" አለኝ፤ ሳቁን ሊያፍን ሲታገል ጉሮሮው እየተሳብ።
ወርጄ ብሩን ስዘረጋ፣ "ካንቺማ አልቀበልም ሒሳብ።"
በድሬ ገበያ እንግዲህ ዝናዬ ሃያ ብር ያወጣል፤
ረምላ መባሌ ቀርቶ "እትዬ ዝም" ይሉኛል።

ሃያ ሁለት ዓመት ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣
ካርድ ስሞላ፣ አቧራ ስጠርግ፣ የተገነጠለ ሽፋን በክር ሳስር፣
እጄን እንጂ ፊቴን ያየ ሰው አልነበረም፤
እኔም አልከፋኝም ነበር። ለሥራው ፊት አያስፈልግም።

አሁን አራት መቶ ሺህ ሰው በየስልኩ አይቶኛል፦
መነጽሬ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ወርዶ ልውደቅ ይላል፣
ከንፈሬ ሎሚ እንደመጠጠ፣ ጣቴ ወደ ላይ ተቀስሮ።
አንዱ የዘፈን ምት ሰጠኝ፤ አንዱ በድመት ፊት ቀይሮ
ቲክቶክ ላይ ለቀቀኝ።

አሥራ አንድ ሰከንድ ነው፤ በቃ። እኔም አይቼዋለሁ፤
አልዋሽም፣ ስቄያለሁ።
ማታ ግን፣ በወበቁ አልጋዬን ግቢ አውጥቼ፣ ደግሜ ሳያት ያቺን ሴት፣
እኔው ፈራኋት። እሷ ካለችበት አልገባም ነበር ቤተ መጻሕፍት።

ቢሮውም ጠራኝ፦ "ለንባብ ሳምንት እንደዚያው አድርገሽ ድገሚው፤
ትንሽ ቆጣ በይ፤ ወጣቱ የሚወደው እሱን ነው።"
ድገሚው! ያን ቀን ለማን ብዬ እንደሆነ ማን ጠየቀ?
ስልኩ ሁለት ስንዝር ወደ ግራ ቢዞር፣ ነገሩ በታወቀ።

ከመስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ፣ ቬንትሌተሩ የሚደርሰው፣
የጋሽ ሮብሌ ነው።
አርባ ዓመት የባቡር ፍሬን ይዞ ከድሬ ደወሌ የተመላለሰ፣
ጣቢያውን በጠረኑ የሚለይ፣ ፊደል ጋ በሰባ ዓመቱ የደረሰ።
ያን ቀን የጡረታ ደብተሩን ገልጦ፣ ጣቱ ከመስመሩ በታች፣
ያለኔ እርዳታ አንዲት ቃል ከአፉ ልትወጣ ደርሳ ነበረች።
"ሮ..." አለ። የጥግ ልጆች ስለ ኳስ ይጮሃሉ።
"ሮ... ቤ..." የራሱን ድምፅ አልሰማውም፤ ከንፈሮቹ ይንቀጠቀጣሉ።

ያኔ ነው ጣቴን ያነሳሁት።
ያኔ ነው ያ ልጅ የቀረጸኝ
(የካርድ ቁጥር ሦስት መቶ ዘጠኝ፤
የጂኦግራፊ መጽሐፋችን ከሰኔ ጀምሮ እሱ ጋ ነው)።

ቪዲዮው እዚያ ላይ ያልቃል።
በአሥራ ሁለተኛው ሰከንድ ጋሽ ሮብሌ ቀና ብሏል፦
"ሮ-ቤ-ል! ሮቤል ብለው ነው የጻፉት!" ጠረጴዛውን በጡጫ መታው፤
"አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ስም ነው አሻራዬን የማትመው!
ይሄ እኔ አይደለሁም!" ጮኸ፤ ቤቱ በሙሉ ዞረ።
ጣቴን አላነሳሁም። ይጩህ፤ ጉዳዩ የስም ነበረ።

ዛሬም መጥቷል። ስልክ የለውም።
በር ላይ ቆመው "እሽሽ" የሚሉት ለምን እንደሚስቁ ጠይቆኝ አያውቅም።
ለጡረታ ቢሮ ደብዳቤ ይዟል፤ "ሮ"ን ጽፎ፣
"ብ" ላይ ነው፤ ሦስተኛ ወረቀቱን ቀዶ፣ አራተኛውን ዘርግፎ።
ጸጥ በሉለት።