መዶሻና ጆሮ

ስምንት ሰዓት ነው፤ ከዚራ፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል በፀሐይ፤
ሠላሳ ስድስት ሂስ ተቆልሏል ጠረጴዛዬ ላይ።
አንብቤ አንብቤ ለየሁት፤ ሁሉም አንድ ቃል ነው፦
«ልብ ወለዱ ግሩም ነው፤ ለትውልድ አስተማሪ ነው፤
ገጸ ባሕርያቱ ጥሩ ተሥለዋል፤
ደራሲው በርትቷል፤ ቋንቋው ይማርካል።»
ስማቸውን ሸፍኜ የማን እንደሆነ ልገምት ብዬ
ሠላሳውን ሳትኩ፤ ተውኩት፣ አፍሬ በጨዋታዬ።
ናሆም ታሪኩን ነው፣ ከዳር እስከ ዳር፣
የተረከልኝ፣ መጽሐፉን ያላየሁ ይመስል እኔ መምህር።
ሂንዲያ ከኋላው ሽፋን ላይ ቀድታ
የአሳታሚውን ውዳሴ አመጣች፣ በቀይ ቢክ አስምራ፣ አብርታ።

ወረቀቱን ገፋሁት። ትዝ አለኝ አባቴ።
ምድር ባቡር ጥገና፣ ያኔ በልጅነቴ፣
እጀታው የረዘመ መዶሻውን ይዞ፣ ቱታው በዘይት ጠቁሮ፣
ከፉርጎ ፉርጎ ይሄዳል፣ አንገቱን ሰብሮ።
መንኮራኩሩን አንዴ መታ ያደርግና
ጆሮውን ይጥላል፤ ይጠብቃል ገና።
ደህናው ብረት ይዘምራል፤ ደወል ነው ድምፁ፤
የተሰነጠቀው «ዱፍ» ይላል፣ ቢያምርም ገጹ።
ዓይን አያገኘውም ስንጥቁን፤ ቅባት ነው የዋጠው።
አባቴ «ግሩም ባቡር» አይልም፤ «የማይረባ» ብሎም አያንቋሽሸው፤
በጠመኔ ነጭ ክብ ይሠራል፤ «እዚህ ጋ» ነው የሚለው፤
«ሦስተኛው ፉርጎ፣ በግራ፣ የኋላው።
ካላመንክ መዶሻው ይኸው፤ አንተም መተህ ስማው።»

በማግስቱ ያን መዶሻ ክፍል ይዤ ገባሁ።
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሲበርድላቸው ጠየቅሁ፦
«የትኛው ገጽ ላይ ነው እንቅልፍ የጣላችሁ?
የትኛው ላይ ነው ባጃጁ ሳታውቁት ከሰፈር ያሳለፋችሁ?
ቁጥሩን ጻፉልኝ። ‹ይማርካል› ካላችሁ፣
የማረካችሁን ዐረፍተ ነገር አምጡ፣ እጁን ይዛችሁ።»

ዝም። ማራገቢያው ብቻ በላያችን አቃሰተ።
ከኋላ የኢፍቱ ወንበር ሲሚንቶው ላይ ተጎተተ።
«ገጽ መቶ አርባ ሁለት» አለች፤ «ደራሲው ዋሽቷል።
ደቻቱ ሲመጣ መብረቅ ጮኸ፣ ከተማው በዝናብ ራሰ ብሏል።
ደቻቱ እንዲያ አይመጣም። የኛን ቤት ወስዶታል።
ዝናቡ ደንገጎ ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ ኮከብ ሞልቶ ነበር፤
ሰው በሙቀቱ ፍራሹን አውጥቶ ደጅ ነው የሚያድር።»

ዘጠኝ ዓመት ያንን ገጽ አስተምሬው፣
አንድ ቀን መዶሻ አላሳረፍኩበትም፤ አለፍኩት፣ አማረኝ ዜማው።
ጠመኔውን ሰጠኋት። ክብ ልትሠራ ስትል ግን
«ቆይ» አልኳት፤ «ማነው የሚተርከው? ያን ሌሊት የት ነበር? መጀመሪያ ይሄን።»

ሐሙስ ተመለሰች፣ ወረቀቷ አራት ቦታ ተሰርዞ፤
ዓይኗ ቀልቷል፤ ጣቷ ቀለም ይዞ።
«ሰውዬው» አለች፣ «ያን ሌሊት ጅቡቲ ነበረ፤
ታናሽ ወንድሙን ደጅ እንደተኛ ትቶ በባቡር በረረ።
ጎርፉን አላየውም። መብረቁን የፈጠረው ራሱ ነው፤
ነጎድጓድ ከነበረ ልጁ ሰምቶ ይሸሽ ነበር ለማለት ነው።
ስንጥቁ የመጽሐፉ አይደለም፤ የተራኪው ነው።
ደራሲው ግን ያውቅ ይሆን? አንዲት ኮከብ፣ አንድ ፍንጭ ፈለግሁ፤ አጣሁ።
‹እዚህ ጋ እርግጠኛ አይደለሁም› ብዬ ጻፍሁ።
ነጥብ ያስቀንሳል?»

መልሱን ሳልጽፍ መሸ። ወደ ቤት ስሄድ
ድልድዩ ላይ ቆምኩ፤ ከታች አሸዋ፣ የፍየል ዱካ፣ የተጣለ ገመድ።
ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ብቻ ነበረ፤
አንገቴን ሰብሬ ጆሮዬን ወደ ደንገጎ ጣልኩ፣ አባቴ ያደርግ እንደነበረ።