መካከለኛው ወለል

ከካማ ወንዝ ማዶ፣ ማዕድኑ በተዘጋበት ከተማ፣
ግማሹ መስኮት ሳንቃ፣ ግማሹ ጨለማ፣
የማታ ተማሪዎች አሉኝ፣ በቁጥር አሥራ አንድ፤
ከሥራ የሚመጡ፣ ልብሳቸው ናፍጣና አመድ።
ሉኬሪያ ከፊት ናት፤ ቀን ቀን የምድር ቤቱን እሳት
እሷ ናት የምታነደው፤ ጥፍሯ ሥር ገብቷል ጥላሸት።

«ኤንታልፒ» ብዬ ጻፍኩ። ጠመኔው በብርድ ተሰበረ።
«ከሰል በጎዶሎ አየር ሲነድ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ከቀረ፣
ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። የዚህችን እርምጃ ሙቀት
በቀጥታ መለካት ግን ያስቸግራል፤ እሳት አያውቅም ልከኝነት፤
ገሚሱ ከሰል እዚያ ይቆማል፣ ገሚሱ አልፎ ይነዳል፤
መለኪያው ድብልቁን አይቶ ድብልቁን ያወራል።»

«ታዲያ እንዴት ታወቀ?» አለ ፕሮኮፒ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፤
«ሳይሄዱበት ነው እንዴ ኪሎሜትር የሚቆጥሩ?»

«ኪሎሜትር አይደለም፤ ጥልቀት ነው። አባትህ ወደ ጉድጓዱ
በአሳንሰር ቢገቡ፣ በመሰላል ቢወርዱ፣
ታች ሲደርሱ ጥልቀቱ ያው ነው፤ ድካሙ ነው የሚለየው።
እንበልና ከሰል ከላይ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከታች ያለው።
ከላይ እስከ ታች የሚወጣው ሙቀት በእጃችን ይገኛል፤
ከመካከለኛው ወለል እስከ ታች ያለውንም ለክተን አስቀምጠናል።
የቀረው መቀነስ ነው።»

ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩት፤
ነጌቲቭ ሦስት መቶ ዘጠና ሦስት ነጥብ አምስት፣ ከላይ ጻፍኩት።
ሁለተኛዋን ገለበጥኳት፣ ራሷን ወደ እግሯ፤
ሰጪ የነበረች ተቀባይ ሆነች፤ ቅናሹ ሆነ ድምሯ፦
ሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በግራም በቀኝም
ስለቆመ ሰረዝኩት፤ ከተሰረዘ በኋላ ማንም አያነሳውም።
የቀረን ነጌቲቭ መቶ አሥር ነጥብ አምስት።

ሉኬሪያ እጇን አላወጣችም።
«ሽታ አለው?» አለች፤ «መካከለኛው?»
«የለውም።»
«ነበልባሉስ ሰማያዊ ነው?»
«ሲነድ፣ አዎ።»
ደብተሯን እያየች ነበር የምታወራው፦

«ወንድሜ የፊም የምድጃውን መዝጊያ በጊዜ ገፋው።
ፍሙ ላይ ሰማያዊዋ ገና ትዘል ነበር።
‹ሙቀቱ ለሰማይ ከሚታደል
እዚሁ ይደር› አለ።
እኔ ለሌሊት ሥራ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። አይቻለሁ።»

ጣቷን በቁጥሮቹ ሥር አስኬደች።
«እንግዲህ ለየፊም የደረሰው መቶ አሥር ነጥብ አምስቱ፤
ሁለት መቶ ሰማንያ ሦስቱ
ሳይነድ አብሮት አደረ፣ እዚያው ቤቱ።»

ፕሮኮፒ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።
እኔም ሌላ ቃል አላገኘሁ፣ ሂሳቡ ልክ ስለነበር፣
«ልክ ነሽ» አልኳት።

«ያቺ የገለበጧት» አለች፣ «እውነት ትገለበጣለች?»
«ወረቀት ላይ።»
ጻፈችው።

ዓርብ ፈተና ነበር። ከአሥራ አንዱ መንገዱን ሳትስት
የደረሰች እሷ ብቻ ናት፦ ነጌቲቭ መቶ አሥር ነጥብ አምስት።
ኪሎጁል መጻፍ ረስታለች። ግማሽ ነጥብ ቀነስኩባት፤
ቃሉን ግን ራሴ በቀይ፣ ከቁጥሩ ጎን ጻፍኩላት።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ይበርዳል። የምድር ቤቱን መዝጊያ
ሉኬሪያ አትነካውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው፤
ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ሽቅብ፣ በረዶ ወደሚወርድበት።
ዳይሬክተሩ «የከሰል ወጪ በዛ» የሚል ወረቀት
በሩ ላይ ለጥፈዋል።
ካፖርት ለብሰን እንማራለን።
ፕሮኮፒ ጓንቱን ሳያወልቅ ይጽፋል፤ ፊደሉ ተበላሽቷል።
እስካሁን ግን አንድም ሰው ደረጃውን ወርዶ
«ዝጊው» አላላትም።