መቻል ያልቻለ ለት

የጠባሴ ብርድ ጣት በሚያጎብጥበት፣
ጭጋግ ከበሬሳ ወጥቶ በሚተኛበት፣
መቻል ያልነው ውሻ መቻል አቃተው፤
ሦስት ቀን ሙሉ ሳህኑን አይቶ ተወው።

ስሙን አባቴ ነው ያወጣለት፣
ከጎረቤታችን ከሸዋንግዛው ጋር
በወሰን በተጣላን ሰሞን፣ መልስ እንዲሆንለት።
ማታ ማታ ከደጅ ቆሞ «መቻል! መቻል!» ሲጣራ
ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ለማን እንደሚያወራ።

አሁን ግን መቻል ዝም፤
ጅብ ሲያልፍ እንኳ አይጮኽም።

እናቴ «ሐኪም ይየው» አለች።
«ለውሻ? ሰው ምን ይለናል?» አለ አባቴ፣ ጋቢውን ደረበ፣
ከሁላችን ቀድሞ ግን በሩ ጋ ቀረበ።

ታዲያ የትኛው ሐኪም? እዚህ ላይ ተጣላን።
የሰፈሩ ምክር ከበሽታው በላይ ሆነብን።
አጎቴ ደምሰው፣ ሹፌሩ፣ ከደሴ መንገድ የማይጠፋ፣
«መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ ይሻላል፤ ጊዜ አያጠፋ።»

አላጠፋም። ከባንኮኒው ኋላ
ስልኩን እንደያዘ፣ ዓይኑን ሳያዞር ወደ ሌላ፣
«ትል ነው» አለ። «ትል ካልሆነም ሳንባ ነው።
ሁለቱንም ውሰዱ፤ ዋጋው ተመጣጣኝ ነው።»
መቻል በማዳበሪያ ተጠቅልሎ እቅፌ ውስጥ ነበረ፤
ሰውየው ፊቱን ሳያይ በሽታውን ቆጠረ።

ሁለተኛው፣ እኅቴ ማንያህልሻል የመረጠችው፣ አስፋልት ዳር፤ መስታወት በመስታወት።
ግድግዳው ላይ የፈረንጅ ውሻ፣ ጠጉሩ የተበጠረ እንደ ወይዘሮ እመቤት።
«ዘሩ ምንድን ነው?» አለ ዶክተሩ ጓንቱን እያጠለቀ።
አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ትንሽም ሳቀ፦
«እናቱ የሸዋንግዛው ናት።
አባቱን እሷ ትጠየቅ፤ እኛ አላጋባናት።»
ደም፣ ራጅ፣ አልጋ፤ ወረቀቱ ላይ ቁጥር ተደረደረ፤
አባቴ በልቡ ሁሉንም ወደ በግ መነዘረ።
ውሻው ነጩ ብርሃን ሥር
ይንቀጠቀጣል፤ እጁን የጫነበት የለም ከኔ በቀር።

መሸት ሲል ከአጥሩ ማዶ ሳል ተሰማ።
ሁለት ዓመት ያላናገረን ሰው «እናንተ» አለ፣ «ስሙማ።
የመንግሥት ክሊኒክ ያለችው ልጅ፣ ላሜን ከሞት ያወጣቻት፣
ሐኪም ማለት እሷ ናት።»
ሌላ አልጨመረም። ሳሉ ቤቱ ድረስ ተከተለው።
አባቴም አልመለሰም። ሌሊት ግን ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ውሻውን አለበሰው።

በማለዳ ተሰለፍን፤ ከፊታችን አህያ፣ ከኋላችን ጊደር።
«ለውሻም ወረፋ?» አለ አንዱ ገበሬ፣ «ታምር!»
ዶክተር ወሰንየለሽ፣
ቦቲዋን ጭቃ የዋጠው፣ ጋዋኗ ክርኑ ጋ የተጣፈ፣
ስሙን ጠየቀች መጀመሪያ። የአባቴ ዓይን ከመሬት አላለፈ።
«መቻል» አለ ቀስ ብሎ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንንም ለመንካት ሳይል።

ከዚያ እጇን በአፏ አሞቀች፤
እፍ፣ እፍ እያለች፣
ያን ሁሉ ብርድ ከጣቷ እስክታወጣ።
ስትነካው አልበረገገም፤ ጭራው አንዴ መሬት መታ።

ድዱን አየች፣ ሆዱን ዳሰሰች፣ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አስጠጋች።
ብዙ ቆየች።
«አላወቅሁትም» አለች።

አባቴ ቀና አለ።
«እስካሁን አላወቅሁትም። የጠረጠርኩት ግን አለ።
ውኃ ይጠጣ፤ ይሄን ስጡት፤ እንዴት እንዳደረ ጻፉልኝ።
ነገ ካልተሻለው ከኔ የሚበልጥ ሰው አለ፣ እደውላለሁ። እስከዚያ
አደራ፣ ሌላ መርፌ አታስወጉብኝ።»

መንገድ ላይ፣ ብዙ ከሄድን በኋላ፣
«ሐኪማችን ይቺ ናት» አለ አባቴ።
«አላወቅሁም ነው እኮ ያለችው፤ ምን አየህባት?» አለች እናቴ።
«እጇን አሞቀች» አለ።

ማታ ደብተር ላይ ጻፍኩ፦ «ሦስቴ ጠጣ። አንዴ ተነሣ።»
አባቴ ከደጅ ነበር፣ ከአጥሩ ጥግ፤
የምሰማው አልመሰለውም።
ሳል መጣ ከማዶ። ሳል ሄደ ከወዲህ።
«መቻል እንዴት ነው?»
«ይሞክራል» አለ አባቴ።
ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፦ «ይሞክራል።»